ከሞተሩ አትጀምሩ፦ ስለ ጠፍጣፋ የእንጨት ፉርጎ

(ይህ ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ላይ ለአናጢዎች፣ ለበያጆችና ለቴክኒክ ተማሪዎች ካደረግኩት ንግግር የተወሰደ ነው። አድማጮች ያነሷቸውን ጥያቄዎች በየቦታቸው አስገብቻቸዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ይህን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ላይ ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁ ብልሆች ናችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ትንሽ ባቡር ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚዞረውን መጫወቻ ማለቴ አይደለም። ሰው የሚቀመጥበት፣ ድንጋይ የሚጫንበት፣ ግን አንድ ግቢ የሚበቃው ባቡር ነው። ይህን ለሰው ስነግር የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም ስለ ሞተሩ ነው። በባትሪ ነው? የባጃጅ ሞተር ይሆነዋል? በእንፋሎትስ? ሞተር ያጓጓል፤ ይገባኛል። ዛሬ ግን ስለ ሞተር አልናገርም። የምናገረው ግድግዳም ጣሪያም ስለሌለው፣ ወለልና ጎማ ብቻ ስለሆነው ጠፍጣፋ ፉርጎ ነው። ትንሽ ባቡር መሥራት የሚፈልግ ሰው ከእሱ መጀመር አለበት ባይ ነኝ።

ሞተር ያለ ሀዲድ ተገትሮ ነው የሚቀረው። ሀዲድ ደግሞ ጠጠር ይፈልጋል፣ አግዳሚ እንጨት ይፈልጋል፣ ብረት ይፈልጋል። ያንን ሁሉ በሸክም ማመላለስ ወገብ ይቆርጣል። ጠፍጣፋ ፉርጎ ካለ ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሜትሮች እንደዘረጋችሁ የሚቀጥለውን ዕቃ በእሱ ላይ ገፍታችሁ ታደርሳላችሁ። ሞተር ሳይኖር ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። በዚያ ላይ ፉርጎው የሀዲዱን ጥፋት ሁሉ ያሳብቃል። የት ጋ እንደጠበበ፣ የት ጋ እንደዘመመ፣ የት ጋ አንዱ ብረት ከሌላው እንደሰመጠ በእጃችሁ እየገፋችሁ ታውቁታላችሁ። ሞተር ሲመጣ ይህን ሁሉ በጉልበቱ ይሸፍነዋል፤ ጥፋቱን የምታውቁት ባቡሩ ሲወድቅ ነው።

ትላልቆቹም መስመሮች የተዘረጉት በዚሁ ዘዴ ነው። የተዘረጋው ሀዲድ ገና ለሚዘረጋው ዕቃ ያመላልሳል። ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 የተጀመረው የኛ ምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። መስመሩ ጠባብ ከሚባሉት ነበር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ልክ 1 ሜትር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1435 ሚሊሜትር ነው። ከምጽዋ ወደ አስመራ የወጣው ደግሞ 950 ሚሊሜትር ነው። ጠባብ ሀዲድ ጠበብ ባለ ኩርባ መዞር ይችላል፣ ቁፋሮው ያንሳል፣ ፉርጎውም ይቀላል። ገደል ላለበት አገር የተመቸ ነው። ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ባቡር ሲያልፍ በሐሳቡ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ… ብዙ ነን። ዋሻው የመኪና ነው፤ ሕልም ግን አይከለከልም።

ለኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች የሚቀርበው ታሪክ ግን የአንድ ፈረንሳዊ ነው። ፖል ዴኮቪል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ አጋማሽ ስኳር የሚወጣበትን ሥር ከማሳው ማውጣት አቃተው፤ ዝናቡ መሬቱን ጭቃ አድርጎት ጋሪው ሰመጠ። መላው ምን ሆነ መሰላችሁ? 40 ሳንቲም ስፋት ያለው ቀላል ሀዲድ ተቆራርጦ፣ ከነአግዳሚው ተገጣጥሞ፣ ሰው አንስቶ የሚያስቀምጠው። ላዩ ላይ ትንንሽ ፉርጎዎች። ማሳው ሲያልቅ ሀዲዱን ነቅሎ ወደ ሌላ ማሳ። በኋላ ይህንኑ እያመረተ ለዓለም ሁሉ ሸጠ። ጅሩ በነሐሴ የሄደ ሰው ይህ ታሪክ ይገባዋል። መረሬ አፈር ጋሪ ብቻ ሳይሆን ጫማም ያስቀራል። ግን ተጠንቀቁ፤ መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ሀዲድ በላዩ ላይ እንዲሁ ብትዘረጉ ሰኔ ላይ የነበረበት መስከረም ላይ አይገኝም። ከሥሩ ወፍራም ጠጠር ይፈልጋል።

እሺ፣ ወደ ልኩ እንምጣ። ሰው የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ባቡሮች በሌላው ዓለም የታወቀ ስፋት አላቸው። 127 ሚሊሜትር አለ፣ 184 አለ፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ 190.5 ነው። ቁጥሩን የሚጠብቁት የአንዱ ባቡር በሌላው ሀዲድ እንዲሄድ፣ ጎማም ከሱቅ እንዲገዛ ነው። እኛ ጋ የሚገዛ ጎማ የለም። ሁሉም ከቶርኖ ቤት ነው የሚወጣው። ስለዚህ እኔ 200 ሚሊሜትር ያዝኩ። የአሮጌው ምድር ባቡራችን አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። ሒሳቡ ራስ አያዞርም። 10 ሜትር የነበረው ፉርጎ 2 ሜትር ይሆናል፤ 2 ሜትር ተኩል ስፋት የነበረው 50 ሳንቲም ይሆናል፤ 75 ሳንቲም የነበረው ጎማ 15 ሳንቲም ይሆናል። ወደፊት ከውጭ ዕቃ አመጣለሁ የሚል ሰው ግን 184 ቢይዝ ይሻለዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ መገልበጥ ልናገር። ሰር አርተር ሄይዉድ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1874 በግቢው ውስጥ 381 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ባቡር መሥራት ጀመረ። ከዚያ በፊት 229 ሚሊሜትሩን ሞክሮታል። በኋላ ለቁም ነገር ሥራ ከ381 በታች መውረድ አይገባም ብሎ ቆረጠ። እኛ ከሁለቱም በታች ነን። ስለዚህ ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ ሰው ማስቀመጥ ነውር ነው።

ፉርጎው 50 ኪሎ ይመዝናል እንበል። የሚቀመጠው ሰው 60 ኪሎ። ከፉርጎው መሐል እስከ ሀዲዱ 10 ሳንቲም ነው። ወለሉ ግን ከመሐል እስከ ጠርዝ 25 ሳንቲም አለው። ሰውየው ጠርዙ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ቢቀመጥ፣ 60 ሲባዛ በ25፣ ሲካፈል ለ110፣ የሁለቱ ክብደት ማዕከል ከመሐል 13.6 ሳንቲም ወጣ ማለት ነው። ከ10 በላይ ነው። ፉርጎው ቆሞም ቢሆን ይገለበጣል። በዚህ ክብደት ሰውየው ከመሐል 18 ሳንቲም እስኪርቅ ድረስ ነው የሚያዋጣው፤ እሱም ካልተወዛወዘና ኩርባ ካልመጣ። ስለዚህ አቀማመጡ እንደ ፈረስ ነው፤ መሐል ላይ፣ እግር ግራና ቀኝ። ድንጋይ ስትጭኑም ከባዱን መሐል፣ ቀላሉን ዳር። ልጆች ዳር ላይ ተደርድረው ፎቶ ሊነሱ ይፈልጋሉ፤ አይሆንም በሏቸው።

አሁን ወደ እንጨቱ እንግባ፤ የኔ ሰፈር ይኸኛው ነው።

የፉርጎው አካል በርዝመቱ በሚሄዱ ሁለት እንጨቶች ላይ የቆመ ነው። እናት እንጨት እላቸዋለሁ። እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ርዝመት፣ 4 በ8 ሳንቲም። ዳርና ዳር በተሻጋሪ እንጨት ይታሰራሉ። ከቦጊዎቹ በላይ ደግሞ ሁለት ወፍራም ተሻጋሪዎች ይገባሉ። ቦጊ የምለው ባለአራት ጎማውን ትንሽ ጋሪ ነው፤ አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ፣ እያንዳንዱ በአንድ ፔርኖ፣ ማለትም በወፍራም የብረት ችንካር፣ ዙሪያ የሚዞር።

እናት እንጨቱን በጠርዙ አቁሙት። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ግን ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ልንገራችሁ። በሁለቱ ቦጊዎች መካከል 1 ሜትር ከ30 አለ እንበል። 300 ኪሎ በቦጊዎቹ መካከል እኩል ተዘርግቶ ቢጫን፣ በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ መሐሉ ላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ይጎብጣል። ያንኑ እንጨት አጋድማችሁ ብትገጥሙት 8 ሚሊሜትር። ከፍታ በእጥፍ ሲጨምር ግትርነቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ስፋት በእጥፍ ሲጨምር ግን 2 እጥፍ ብቻ። እንጨት መግዣ ብር ካጠረ ከስፋቱ ቀንሱ፣ ከከፍታው አትቀንሱ።

ታዲያ ግትርነት ጥሩ ከሆነ ለምን እንደ ድንጋይ ድርቅ ያለ ፉርጎ አንሠራም? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ትንሽ ባቡር ሀዲድ የሚስተው ብዙ ጊዜ ከድካም ሳይሆን ከግትርነት ነው። ሀዲዳችሁ መቼም ቢሆን ፍጹም ደልዳላ አይሆንም። አንድ ቦታ ላይ የግራው ብረት ከቀኙ 3 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ፉርጎው ድርቅ ያለ ከሆነ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀራል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ኩርባ ሲመጣ ከንፈሩን፣ ማለትም ከሀዲዱ በውስጥ በኩል ወርዶ ጎማውን የሚይዘውን ጠርዝ፣ ሀዲዱ ላይ አውጥቶ ይሄዳል። አለቀ። ባለአራት እግር ጠረጴዛ ሸካራ ወለል ላይ ይንገዳገዳል፤ ባለሦስት እግር በርጩማ የትም ብታስቀምጡት ይቆማል። ፉርጎውም ሦስት እግር ነው የሚፈልገው።

እንዴት ይደረጋል? ከሁለቱ ቦጊዎች አንዱን ግራና ቀኝ እንዳይዘም ያዙት። ከፔርኖው በግራና በቀኝ የጎን ማረፊያ ብረት ታደርጋላችሁ፤ ፉርጎው እዚያ ላይ ያርፋል። ቦጊው መዞር ይችላል፣ መዝመም ግን አይችልም። ሁለተኛውን ቦጊ ግን በፔርኖው ላይ ብቻ አሳርፉት፤ ጎን ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉለት። እንደ ልቡ ይዘማል። አሁን ፉርጎው በሦስት ነጥብ ነው የቆመው፤ ሁለት ከአንደኛው ቦጊ፣ አንድ ከሌላኛው። ሀዲዱ ሲጣመም አንዱ ቦጊ አብሮት ይጣመማል፣ ስምንቱም ጎማዎች መሬት ይዘው ይሄዳሉ። ሁለቱንም ቦጊዎች እንዲዘሙ ብትለቋቸው ደግሞ ፉርጎው ይወላገዳል። አንዱ ይያዝ፣ አንዱ ይለቀቅ።

እንጨት የምወደውም ለዚህ ነው። በቡሎን የታሰረ የእንጨት አካል ትንሽ ይሰጣል። የቀረችውን ስህተት እሱ ይውጣታል።

እዚህ ላይ አንዲት የብየዳ ተማሪ እጇን አወጣች። «ከአንጎላሬ ብረት በይደን ብንሠራውስ? በግማሽ ቀን ያልቃል እኮ» አለች። እውነቷን ነው፣ ያልቃል። ብረት ምስጥ አይበላውም፣ ክረምት አያሳብጠውም። ግን ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስባል። ረጅምና ቀጭን አካል በይዳችሁ ስትጨርሱ አራቱ ማዕዘኖች አንድ ደረጃ ላይ ካረፉ እጃችሁ ወርቅ ነው። ከተጣመመ ደግሞ ለማቃናት መዶሻና እሳት ነው። እንጨት ከተጣመመ መላጊያ ይዤ እቀመጣለሁ። ጉዳዩ የምርጫ ነው፤ ቦጊዎቹን እኔም ከብረት ነው የምሠራቸው። ላይኛው ግን እንጨት ይሁን እላለሁ። የቆዩትም ፉርጎዎች እንጨት ነበሩ፣ መልኩም ያምራል።

ምን ዓይነት እንጨት? እዚህ ደጋ ላይ በእጃችን ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ያለ ባለውለታችን ነው፤ እናማዋለንም፣ እንገለገልበታለንም። ጠንካራ ነው፣ ከባድ ነው፣ ሸክም ይችላል። ችግሩ አመሉ ነው። ውስጡ ውጥረት አለበት። በመጋዝ ስትሰነጥቁት እዚያው ዓይናችሁ እያየ ይከፈታል፣ ይጎብጣል። ሳይደርቅ ከተሠራ ፉርጎው በሁለት ወር ውስጥ ጠመዝማዛ ይሆናል።

ማድረቅ ታላቅ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር። የቆየው የአናጢዎች ልክ ለ2 ሳንቲም ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ለ4 ሳንቲም እንጨት ዓመት ከመንፈቅ መሆኑ ነው። ግንዱን መጀመሪያ ሰንጥቁት፤ ድቡልቡሉን አታድርቁ። ጫፎቹን ወዲያውኑ የተረፈ ቀለም ቀቧቸው። ውሃ በጫፍ በኩል በፍጥነት ስለሚወጣ መሰንጠቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ፣ በየድርድሩ መካከል ቀጫጭን እንጨት አስገቡ፣ ቀጫጭኖቹም ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሁኑ። ላዩ ላይ ከባድ ድንጋይ ጫኑበት። ድንጋይ እንኳ ሰሜን ሸዋ ላይ አልጠፋም።

የደብረ ብርሃን ጣጣ ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ነፋስ ታውቁታላችሁ። ቀን ፀሐዩ ይከካል፣ ሌሊት ውርጭ ነው፣ ነፋሱ ደግሞ አያቆምም። ነፋስ ያደርቅልኛል ብላችሁ እንጨቱን ሜዳ ላይ ብትደረድሩት ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ላዩ ሲሸማቀቅ ውስጡ አልሸማቀቅም ይላል፤ እንጨቱ ይፈነዳል። ስለዚህ ድርድሩን ግድግዳ ጥግ፣ ጥላ ውስጥ አድርጉት፤ በነፋሱ በኩል ጆንያ ጋርዱ። ቀስ ብሎ ይድረቅ።

ጥድስ? ጥድ ለውጭ ሥራ ግሩም ነው። ምስጥም ብስባሴም ይፈራዋል፣ ሽታው ደስ ይላል። ምስማር ሲመቱበት ግን ይሰነጠቃል፤ ቀድሞ መብሳት ያስፈልጋል። ዋንዛ ብታገኙ እጅ ላይ የሚታዘዝ፣ ከደረቀ በኋላ የማይጣመም ነው፤ ዝግባም ለመላግ ምቹ ነው፣ ውጭ ዝናብ ላይ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ይሁን እንጂ ጥድ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ኮሶ በሕግ የተጠበቁ ዛፎች ናቸው፤ ከደን አይቆረጡም። የወፍ ዋሻ ጥዶች እዚያው ወፍ ዋሻ ይቁሙ። ጥድ የምታገኙት አሮጌ ቤት ሲፈርስ ነው። የድሮ ቤት ምሰሶና የበር መቃን ዘመን ያደረቀው ጥድ ነው። ዋጋ ተነጋግራችሁ ውሰዱት፤ መጋዝ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ምስማሩን አንድ በአንድ ልቀሙ። መጋዙ የናንተ ነው።

ኮምፔርሳቶና ቺፑድ ለወለል ያሰበ ካለ፣ ቺፑዱን ይርሳው። አንድ ክረምት አይችልም።

ወለሉ የሚነጠፈው በአግድም ነው። ጣውላዎቹ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ይሄዳሉ፤ እናት እንጨቱ ደግሞ በርዝመት። ምክንያት አለው። እንጨት በርዝመቱ አያብጥም ማለት ይቻላል፤ የሚያብጠው በስፋቱ ነው። 2 ሜትር ወለል ላይ 10 ሳንቲም ስፋት ያላቸው 20 ጣውላዎች ይገባሉ። አንዱ ጣውላ በክረምት 2 ሚሊሜትር ቢያብጥ፣ ሃያው ተደምሮ 4 ሳንቲም ነው። ተጣብቀው ከተነጠፉ ወይ ወለሉ ተነስቶ ይቆለመማል፣ ወይ ዳሩን እንጨት ገፍቶ ይነቅላል። ስለዚህ በየጣውላው መካከል 4 ሚሊሜትር ክፍተት ተዉ። ውሃውም በዚያው ይወርዳል። በጋ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ክፍተቱን አታሳንሱ፤ ክረምት ላይ የምትሠሩ ደግሞ ትንሽ ብታጠቡት ግድ የለም።

መጋጠሚያዎቹ ወንድና ሴት ሆነው ይገቡና በቡሎን ይታሰራሉ። ኮላ ብቻውን ውጭ ለሚያድር ነገር አልተማመንበትም። ቡሎኑ ላይ ሰፊ ሮንዴላ አድርጉ፤ ዳዶው እንጨት ውስጥ እንዳይሰምጥ። ዳዶዎቹ ደግሞ ቁልፍ የሚገባበት ቦታ ይሁኑ፤ እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚቀጥን በየበጋው መጥበቅ አለባቸው። ከሥር ያለውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት። ከላይ ግን አትቀቡ፤ የተቀመጠበት ሰው ሱሪው አይለቅም።

አንድ ያማረ ነገር ልንገራችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካኖቹ፣ በተለይ ኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ 914 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ጠባብ ሀዲድ ላይ፣ ረጃጅም የእንጨት ፉርጎዎች ነበሯቸው። እንጨቱ ከዘመን ብዛት መሐሉ ላይ እንዳይረግብ ከሥር የብረት ዘንጎች ወጠሩበት። ዘንጉ ከአንዱ ጫፍ ይነሳል፣ መሐል ላይ በአጫጭር ቋሚዎች ስር ያልፋል፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ በዳዶ ይታሰራል። መሐሉ ላይ ማጥበቂያ አለው። ሲጠብቅ ሆዱ ቀና ይላል። እኛ 2 ሜትር ላይ ይህ አያስፈልገንም። ለውበት የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ሽቦ አንጠልጥለው ዘንግ ነው ይላሉ። እኔ አልወደውም። ካደረጋችሁት የሚሠራ ይሁን፦ 8 ሚሊሜትር ብረት፣ ጫፉ ላይ ክር የወጣለት። 3 ሜትር ፉርጎ የሚሠራ ሰው በእርግጥ ይጠቀምበታል።

ጎማዎቹን ለቶርኖ ቤቱ ስታዝዙ ሦስት ነገር ካልነገራችሁት እንደ ጋሪ ጎማ ቀጥ አድርጎ ያወጣላችኋል። አንደኛው ዝመት ነው። የጎማው ሀዲድ ላይ የሚያርፈው ፊት ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ ውጭ እየቀጠነ ይሄዳል፣ በ20 ሚሊሜትር 1 ሚሊሜትር። ይህ ለጌጥ አይደለም። ሁለቱ ጎማዎች ከዘንጉ ጋር ተጣብቀው አብረው ነው የሚዞሩት። ዘንጉ ወደ ቀኝ ሲንሸራተት የቀኙ ጎማ በወፍራሙ፣ የግራው በቀጭኑ ይሄዳል፤ ቀኙ ቀድሞ ይራመዳል፣ ዘንጉም ራሱን ወደ መሐል ይመልሳል። ባቡርን ሀዲድ ላይ የሚያኖረው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ከንፈሩ የመጨረሻ ዘበኛ ነው። ሁለተኛው፣ በአንድ ዘንግ ላይ ያሉ ሁለት ጎማዎች ዙሪያቸው ፍጹም እኩል ይሁን፤ አለዚያ ፉርጎው ዘላለም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ሦስተኛው፣ ከንፈሩና ፊቱ የሚገናኙበት ጥግ ሹል ሳይሆን ክብ ይበል።

በሁለቱ ጎማዎች ጀርባ መካከል ያለው ርቀት በሁሉም ዘንጎች ላይ አንድ ይሁን። የኔ ሥዕል ላይ 186 ሚሊሜትር ነው፤ ከንፈሩ 5 ሚሊሜትር፣ በየጎኑ 2 ሚሊሜትር መላወሻ። ኩሽኔታው 6204 የሚባለው ነው፣ ውስጡ 20 ሚሊሜትር፤ በየመለዋወጫ ሱቁ አለ። አቧራ መከላከያ ያለውን ጠይቁ።

መጎተቻው ከወለሉ ጋር አይታሰር። ጉተታው በእናት እንጨቶቹ መካከል፣ በመሐል መስመር ማለፍ አለበት። ሁሉም ፉርጎ ላይ ከፍታው እኩል ይሁን። ረዘም ያለ የብረት ዘንግ በፔርኖ ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ዓይነት ቀለበትና ፔርኖ ብዙ የባቡር ሠራተኛ ጣቱን አጥቷል፤ ጃኒ የሚባለው ሰው ራሱ የሚያያዘውን መጎተቻ እ.ኤ.አ. በ1873 አስመዘገበ፣ በ1893 ደግሞ ራሱ የሚያያዝ መጎተቻን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። የኛ ፉርጎ ትንሽ ነው፣ የልጅ ጣት ግን ከዚያም ታንሳለች። ፉርጎ እየተንቀሳቀሰ ማያያዝ ክልክል ነው።

ሲያበቃ አንድ አባት ተነሱ። «ልጄ፣ ንግግርህ ሸጋ ነው። እኛ ግን ጋሪ አለን፤ ፈረሱም ጎማውም አለ። ይህ ሁሉ ድካም ለምኑ ነው?» አሉ።

አባቴ፣ ጥያቄዎ ልክ ነው። ደልዳላ አስፋልት ላይ የጎማ ጋሪ አንድ ቶን ለመግፋት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ያህል ጉልበት ይፈልጋል። ጭቃ ላይ ስንት እንደሚሆን ፈረሱ ይንገርዎት። ትልቁ ባቡር ብረት በብረት ላይ ስለሆነ ለአንድ ቶን 1 ወይም 2 ኪሎ ይበቃዋል። ትንሿ ፉርጎ ጎማዋ ትንሽ ስለሆነ እንደ ትልቁ አትሆንም፤ 5 ወይም 10 ይበሉት። ያም ሆኖ ጭቃውን አታውቀውም። ሦስት ኩንታል ድንጋይ አንድ ጎረምሳ በእጁ ይገፋዋል። ጋሪው ለመንገዱ ይቅር፤ ይህ ለግቢው፣ ለችግኝ ጣቢያው፣ ለድንጋይ መፍለጫው ነው።

«ቁልቁለት ላይስ?» አሉኝ መልሰው። ብልህ ናቸው።

ቁልቁለት ላይ ያው ቅለቱ ጠላት ይሆናል። በ100 ሜትር 2 ሜትር በሚወርድ ቦታ ላይ ከነጭነቷ 300 ኪሎ የምትመዝን ፉርጎ በ6 ኪሎ ጉልበት ወደ ታች ትሳባለች። የሚይዛት ግን ከ3 ኪሎ አይበልጥም። ለቀቅ ሲያደርጓት ብቻዋን ትሄዳለች፣ እየፈጠነችም ትሄዳለች። ለዓይን እኮ ያ ቦታ ሜዳ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ፍሬን ከመጀመሪያው ቀን ይኑራት። በሁለቱ ጎማዎች መካከል የደረቀ እንጨት ቁራጭ፣ በእግር በሚረገጥ ረጅም ዘንግ ጎማው ላይ የሚጫን፤ ይበቃል። የድሮ ፉርጎዎችም ጎማቸውን በእንጨት ነበር የሚይዙት። እንጨቱ ሲያልቅ ይቀየራል፣ ጎማው አይጎዳም። ስትቆም ደግሞ ፍሬኑን አምነው አይተዋት፣ ጎማው ሥር ሽብልቅ ያድርጉባት።

ሥዕሉ ከነልኩ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ፎቶ አንሱት። ፉርጎዋም ውጭ ቆማለች። መቀመጥ የምትፈልጉ ተራ ያዙ፤ መሐል ላይ፣ እግር ግራና ቀኝ።